ቢላዋው ሐላል፣ ጉሮሮውስ?

በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ «ፉዋ ግራ» የተሰኘ ምግብ ይመረታል፤ የሰባ ጉበት ማለት ነው። ዳክዬዋ ከመታረዷ በፊት ለአሥር ቀናት ያህል፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጉሮሮዋ ውስጥ በሚገባ ቱቦ በቆሎ ትጋታለች። ጉበቷ ከልኩ ብዙ እጥፍ ያብጣል። የአገሪቱ ሕግ ግን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ምግቡን የባህል ቅርስ ብሎታል።

ገበሬውን ለመርገም አልቸኩልም። ልጆቹን የሚያሳድግበት ሙያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 በወፍ ጉንፋን ሳቢያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዶሮና ዳክዬዎች ተወግደው ብዙዎች ባዶ በረት ታቅፈዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ የእኛው ጉዳይ ነው። እዚያው ፈረንሳይ «ሐላል» የሚል ማኅተም ያለበት ፉዋ ግራ ለሙስሊሞች ይሸጣል። ቢስሚላህ ተብሎ መታረዱ ብቻ ይበቃልን? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድመት አስራ በረሃብ የገደለችው ሴት ለእሳት መዳረጓን ነግረውናል። አስሮ ማስራብ ዙልም ከሆነ፣ አስሮ መጋትስ ምን ሊባል ነው? ቢላዋ እንዲሳል ያዘዘ ዲን ከቢላዋው በፊት ስላሉት ቀናት ዝም አይልም።

ወገኖቼ! ገዢ ከሌለ ጋቺ የለም። አላህ (ሱ.ወ) የገበሬውን ሪዝቅ በአንድ ቱቦ አልወሰነውም። እኛም ከገበያ ዶሮ በእግሯ ዘቅዝቀን ስንመለስ ይህንኑ እናስብ። ወላሁ አዕለም።