ባለቤቱ ያቀለለው አሞሌ

ልጄ፣ ሃርጌሳ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ተቀምጠሽ ስፌት የምትሰፊው፣ ዘንድሮ ባዛር ልወጣ ነው ማለትሽ ደስ ብሎኛል። አበው «ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» ይላሉ። ጨው ገንዘብ በነበረበት ዘመን የተባለ ነው፤ ሃርጌሳ ላይም ይሠራል። ገዢው ቆም ብሎ «ዋ ኢሚሳ?»፣ ስንት ነው ሲልሽ አንገትሽን ደፍተሽ «ያው የእጅ ሥራ ነው፣ ያሻዎትን ይስጡ» ካልሽው፣ ዋጋውን የጣልሽው አንቺው ነሽ። እሱ ምን በደለ?

ዋጋ ሳትቆርጪ ከቤት አትውጪ። ስንደዶውን፣ የአለላውን ቀለም፣ በቶጎ ውጫሌ በኩል የሚያመጣልሽን መኪና ኪራይ ሁሉም ይቆጥራል። ወስፌ ይዘሽ ያመሸሽውን ግን ራስሽ ካልቆጠርሽው ማንም አይቆጥርልሽም። ሲከራከሩሽ ጥቂት ቀንሺ፤ ክርክር የገበያ ወግ ነው። ከቆረጥሽው በታች ግን አትውረጂ። ሳይሸጥ የተመለሰ ሙዳይ ነገም ሙዳይ ነው።

ምን ይዤ ልውጣ ላልሽው፣ «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ነው መልሱ። ትልቁ መሶብ ያምራል፤ ሆኖም ለኛ ሰው ካልሆነ ቶሎ አይሸጥም። የሶማሌ ቤት ጠዋት ላሖሕ ይጋግራል፤ የእንጀራችን ዘመድ ነው፣ ክዳን ይወዳል። ማታ ደግሞ በማጨሻው በዳብቃድ ዑንሲ የሚሉትን ዕጣን ያጨሳል፤ ዑንሲው የሚቀመጥበት ባለ ክዳን ሙዳይ ብትሰፊ የትኛዋ እመቤት ታልፈዋለች?

አደራ፣ ስፌትን እኛ ያመጣንላቸው እንዳይመስልሽ። የሶማሌ ሴቶች ከዛፍ ሥር ፈትለው የሚሠሩት ሓን ወተት ይይዛል፣ ጠብታ አያፈስም፤ እንደ እናቶቻችን ቅልም በጭስ ያጥኑታል። ለሠርግ የሚሰናዳውን፣ ሔዶ የሚባለውን ዕቃ አይተሽ ከሆነማ ምን ልንገርሽ! በውስጡ በቅቤ የተቀመጠ ሙቅማድ የሚባል የደረቀ ሥጋ አለ፤ ላዩ እንደ ሙሽራ ለብሶ በገመድ ይተበተባል፣ ትብትቡን መፍታት የሙሽራው ወገን ፈተና ነው። ዛሬ በየገበያው የፕላስቲክ ጀሪካን ሓንን እየተካው ሳይ ያናድደኛል፤ የሚያውቁት እናቶች ግን አሁንም አሉ። ሂጂና ከጎናቸው ተቀመጪ፣ እጃቸውን እዪ። ቦታም ብትከራዩ አብራችሁ ተከራዩ፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለዚህ ጊዜ ነው። ቋንቋውን እነሱ ያግዙሻል፣ አንቺም ለአበሻው ገዢ ታስረጂላቸዋለሽ።

ጊዜውን ምረጪ። የሃርጌሳ ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ ትርዒት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ይካሄዳል፤ ብዙውን ጊዜ በሐምሌ ነው። ያን ሰሞን ከአውሮፓና ከአሜሪካ ለዕረፍት የሚመጣው የከተማው ልጅ ብዙ ነው፤ ሻንጣው ውስጥ የሚገባ፣ የማይሰበር ዕቃ ይፈልጋል። ትንንሹን አብዢ።

ክፍያው በስልክ፣ በዛድ ነው። ቴሌሶም እ.ኤ.አ. በ2009 ካመጣው ወዲህ የሽልንግ እስር ተሸክሞ የሚመጣ ገዢ ቀንሷል። «ልኬዋለሁ» ቢልሽም መልእክቱ ስልክሽ ላይ ሳይገባ ዕቃውን አትልቀቂ። ይህ አለማመን አይደለም፣ ሥራ ነው።

በመጨረሻ፣ አንዱ መጥቶ «በሳምንት ሃያ አድርሺልኝ» ቢልሽ ልብሽ አይዝለል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ»፤ የምትችይውን ያህል ብቻ ተቀበይ፣ ቀብድም ያዢ። አሁን ተነሺና አለላውን አቅልሚ፤ ሐምሌ ሩቅ አይደለም።