መጠጊያ ያልሆነ ቤት

ቤትን ቤት የሚያሰኘው ግድግዳውና ጣራው ብቻ አይደለም፤ ሰው ከውጭ አደጋ ሸሽቶ የሚገባበት፥ ገብቶም ያለ ሥጋት የሚተኛበት መሆኑ ነው። እንግዲህ አደጋው ከውስጥ የሆነበት ሰው ወዴት ይሽሽ? ይህን ጥያቄ እንድንመረምር ያስገደደን በ2012 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው የኮሮና ወረርሽኝ ነው።

በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ፍርድ ቤቶች ሥራቸውን በከፊል አቆሙ፤ በሚያዝያም ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። «ከቤት አትውጡ» የሚለው ምክር ሕይወት ለማዳን የታሰበ ስለ ነበረ አንነቅፈውም። እኛም ማስታወቂያውን በየግድግዳው ስንለጥፍ በጎ ሥራ የሠራን መስሎን ነበር። ይሁን እንጂ ባልዋ ለሚደበድባት ሴት ምክሩ ከደብዳቢዋ ጋር ቀን መዋልና ሌሊት ማደር መሆኑን አላሰብንም። ችግርዋን የምታዋይበት የጎረቤት ቡናና እድር ተቋረጠባት፤ በጉልት የምትለቅመው ሳንቲምም ነጠፈባት።

አንዳንድ ሰዎች «እንዲህ ከከፋት ለምን ትታው አትሄድም?» ይላሉ። ፈቃድ የሚባለው ግን እንቢ ለማለት የሚችል ሰው ሲቀበል ነው። የመሳፈሪያ ገንዘብ፥ የአንድ ወር የቤት ኪራይ፥ ለልጆችዋም የዕለት ጉርስ የሌላት ሴት ብትቀመጥ፥ መቀመጥዋ ማጣትዋን እንጂ ፈቃድዋን አይመሰክርም። ስለዚህ የደኅንነትና የገንዘብ ነገር ለእርስዋ ሁለት ጉዳይ ሳይሆን አንድ ነው።

ሌሎች ደግሞ «የባልና የሚስት ጠብ የጓዳ ገመና ነው» ይላሉ። ገመናን መሸፈን መልካም ልማድ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን የሚሸፈነው ድህነትና ድካም ነው፤ ቁስል ሲሸፈን ያመረቅዛል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን የኃይል ድርጊት ወንጀል ብሎታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ባልና ሚስት የጋራ ሀብታቸውን በአንድነት እንዲያስተዳድሩ ያዛል። ሆኖም የገንዘቡ ሣጥን ቁልፍ በአንዱ እጅ ብቻ ሲሆን፥ ማምለጫውም መንገድ ሲዘጋ፥ በወረቀት ያለ መብት ምን ይጠቅማታል?

እንግዲህ «ቤት ተቀመጡ» ብሎ የሚያዝ ሁሉ፥ ቤት መቀመጥ ለማይሆንላት መውጫውን፥ ማረፊያውንና መቋቋሚያ ገንዘቡን በዚያው ትእዛዝ አብሮ ማሰናዳት ግዴታው ነው ብለን እናምናለን። ይህም የሚሰናዳው ወረርሽኝ ሲመጣ ሳይሆን፥ እንደ ዛሬው በጤናው ቀን ነው። በር ዝጉ የሚል ሰው በውስጥ ማን እንደቀረ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።