የቋጣሪው ማንኪያ

በእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወደ ጉና ሽቅብ ሲወጣ፣ አንድ ቋጣሪ ሰው ነበር። ክብሪት ሲገዛ እያንዳንዷን እንጨት በምላጭ ለሁለት ይሰነጥቃታል። የቡናውን አተላ አድርቆ ያስቀምጣል። እንግዳ ሲመጣበት ሞሰቡ ሳይከፈት መቼ እንደሚሄድ ይጠይቃል። ጎረቤቶቹ ሲያሙት፣ መንገደኛ እንዳያርፍበት ጥላውን አጥፎ ይዞ ይሄዳል ይሉታል።

ከሁሉ አብልጦ የሚሰስተው ግን ለውኃ ነው። በዚህስ ባይፈረድበት ይሻላል፤ ምንጩ ከገደል ሥር ነው፤ ወርዶ መውጣቱ ጉልበት ይጨርሳል። ሚስቱ 20 ሊትሩን ጀሪካን አዝላ ስትመጣ በከሰል መሥመር ያሰምርበታል። ማታ ማታ ውኃው ከመሥመሩ ምን ያህል እንደወረደ ያያል።

ወንድ ልጁ ለአረም መተማ ወርዶ ስለነበር ምራቱና የዓመት ከመንፈቅ የልጅ ልጁ ክረምቱን እሱ ዘንድ ነበሩ። ልጁ ገና ድክ ድክ ይላል፤ ያገኘውንም ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። ሐምሌ ላይ ጎርፍ ምንጩን አደፈረሰው። ብዙም ሳይቆይ ልጁን ያስቀምጠው ጀመር፤ ሲመሽ ደግሞ ያስመልሰው ያዘ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ "ጥርስ እያበቀለ ነው" አለች። አንዷ "እንጥሉ ወርዶ ነው፤ ይቆረጥለት" አለች። አንዷ ዓይን ነው ብላ ወደ በሩ ገላመጠች። በአንድ ነገር ግን ሁሉም ተስማሙ።

"ውኃ እንዳታቀምሺው። የሚወጣው የገባው ነው።"

ልጁ ግን ጠምቶታል። ጎረቤት ሲበተን ምራቱ አላስቻላትም፤ አንድ ብርጭቆ ሞልታ ሰጠችው። በሁለት እጁ ይዞ እየተንገበገበ ጨለጠው። ወዲያው ሁሉንም ምድጃው ፊት መለሰው።

"ይኸው! ተብለሽ ነበር" አለች አማቷ። ብርጭቆው ወደ ቦታው ተመለሰ።

ቋጣሪው መደብ ላይ ተቀምጦ ይመለከታል። ሴቶቹ ልጁን ሲያዩ እሱ የሚያየው አመዱን ነው። አንድ ሙሉ ብርጭቆ፣ ከገደል ሥር በጀርባ የወጣ ውኃ፣ አመድ ላይ።

"ያጠፋችው መስጠቷ አይደለም" አለ በመጨረሻ። "ሁሉን ባንድ ጊዜ መስጠቷ ነው። ውኃን የሚያህል ነገር በብርጭቆ ሙሉ የሚያድል ማን ነው?"

ሲነጋ ምራቱ ልጁን አዝላ ወደ ጤና ኬላው ተነሣች። ቋጣሪውም ዱላውን አንሥቶ ተከተላት፤ መድኃኒቱ በነፃ እንደሆነ ሰምቶ ነበር።

የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው ከሚመደቡት ሴቶች አንዷ በሩ ላይ ተቀበለቻቸው። የሕፃኑን የሆድ ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ለቀቀችው፤ ወዲያው ተመለሰ። ዓይኑን አየች፤ አልጎደጎደም። ሲያለቅስ እንባው ይወርዳል። ሰገራው ደም እንዳለው ጠየቀች፤ የለውም።

"ደግ፣ ቶሎ መጥታችኋል" አለችና ሁለት ፓኬት ኦ.አር.ኤስ. እና 10 የዚንክ እንክብል ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "አንዱ ፓኬት ለአንድ ሊትር ውኃ ነው። ውኃው ፈልቶ ይቀዝቅዝ፤ በባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ለኩት። ሲቀጥን አይረባም፤ ሲወፍር ይጎዳዋል። እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ፣ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር አጠጡት፤ በሻይ ማንኪያ ከ10 እስከ 20 ማለት ነው። ጡቱም ምግቡም አይቋረጥበት። ዚንኩን በቀን አንድ፣ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ 10 ቀን።"

"ቢያስመልሰውስ?" አለች እናቲቱ።

"10 ደቂቃ ጠብቂና ከፊተኛው ቀስ አድርገሽ ቀጥዪ። ዝልፍልፍ ካለብሽ፣ መጠጣት ካቃተው፣ የቀመሰውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ደም ካየሽ ግን እስኪነጋ አትበዪ፤ ይዘሽው ነይ።"

ቋጣሪው ፓኬቱን አገላብጦ አየው።

"ጨውና ስኳር አይደለችም እንዴ ይቺ?"

"ከሞላ ጎደል ናት፣ አባቴ። ስኳሩ አንጀት ውስጥ ለጨው በር ይከፍትለታል፤ ጨው ሲገባ ውኃው ይከተለዋል።" የሰውየውን ፊት አይታ እንዳልተዋጠለት ገባትና ወንበር ሳበች። "በ1963 ዓ.ም. የባንግላዴሽ ሰው ከጦርነት ሸሽቶ ህንድ ሲገባ መጠለያው ውስጥ ኮሌራ ተነሣበት። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባል ሐኪም ይህን የመሰለ ጨውና ስኳር አስበጥብጦ ለአስታማሚው አደለ፤ እናትም አባትም ከበሽተኛው አጠገብ ተቀምጦ አጠጣ። ከ100 ሰው 30 ያህሉ ይሞት የነበረው ከ4 በታች ወረደ።"

ቋጣሪው ራሱን ነቀነቀ። "ቆጣቢ ሐኪም ነበር" አለ።

"አንድ ነገር ቀረኝ። የበጠበጣችሁት ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይደፋል።"

በዚህ ጊዜ ሽማግሌው ዱላውን ይዞ በሩን አልፎ ነበር። አልሰማ እንደሆነ ወይ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ እንደሆነ እሱ ያውቃል።

ረፋድ ላይ ቤት ገቡ። ውኃው ፈላ፣ ቀዘቀዘ፣ ተለካ፣ ተበጠበጠ። ምራቱ ብርጭቆውን ስታነሣ ቋጣሪው ሃይላንዱን ከእጇ ወሰደ።

"ስጪኝ። አንቺ ትደፊዋለሽ።"

ከዚያች ሰዓት ወዲያ ሃይላንዱን ሌላ ሰው አልነካውም። ልጁን ጭኑ ላይ ቀና አድርጎ አስቀመጠው። የማንኪያዋን ጫፍ በታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፎ ዘንበል ያደርጋታል፤ ልጁ ይመጣታል፤ ሽማግሌው ጉሮሮው ወርዶ እስኪመለስ ያያል። የመጀመሪያው መግባቱን ሳያረጋግጥ ሁለተኛውን አይቀዳም። ልጁ ይነጫነጫል፤ ማንኪያዋን ሊነጥቅ ይታገላል፤ ሃይላንዱን በጣቱ ያሳያል። ሌላ አያት ቢሆን አንጀቱ ይባባና ሙሉውን ያስጨብጠው ነበር። የቋጣሪው አንጀት ግን ለለማኝ ተባብቶ አያውቅም። አንድ ማንኪያ። ቆይቶ አንድ ማንኪያ።

ከአጠገቡ ጊብጦ በሰፌድ አስቀምጧል። ለአንድ ማንኪያ አንድ ጊብጦ ወደ ቀኝ ያልፋል፤ ልጁ ባስቀመጠው ቁጥር አንድ ጠጠር ወደ ግራ። ከ10 እስከ 20 ተብሎ ስለነበር እንደ ልማዱ 10ን መረጠ። 10ሩ ሲሞላ ልጁ አሁንም አፉን እንደከፈተ ነው። ሽማግሌው ወደ ሃይላንዱ አየ፣ ወደ አፉ አየ፣ 20 አደረገው። ከዚያ በኋላ ለአንድ ጠጠር 20 ጊብጦ ካልሞላ ሒሳቡ ጎደለ ብሎ አያርፍም።

እኩለ ሌሊት ላይ ልጁ አስመለሰ።

"በቃ ተወው፣ አላልኩህም?" አለች ሚስቱ። ምራቱ ማልቀስ ጀመረች። ቋጣሪው ኩራዙን አስጠግቶ የፈሰሰውን በዓይኑ ለካው።

"ሦስት ማንኪያ ናት። ሌላው ውስጥ ነው።"

ሰዓት የለውም፤ አቡነ ዘበሰማያትን 20 ጊዜ ደግሞ 10 ደቂቃዋን ሞላት። ከዚያ ማንኪያዋን በግማሽ እየቀዳ፣ ሁለቱን ግማሽ ባንድ ጊብጦ እየቆጠረ ቀጠለ። ሴቶቹ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እሱ ኩራዝ ሲያበራ አድሮ አያውቅም ነበር፤ የዚያን ሌሊት ጋዙ አለቀ።

ጎሕ ሲቀድ ጭኑ ረጠበ፤ ልጁ ሸንቶበት ነው። ምራቱ ነቅታ እርጥቡን ጋቢ ስትዳስስ እልል አለች። ቋጣሪው ሰፌዱ ላይ አቀርቅሮ ነበር። ግራ 5 ጠጠር፣ ቀኝ 100 ጊብጦ። "ገጠመ" አለ።

ፀሐይ ወጥታ ጉና ላይ ያለው ጉም ሲገፈፍ ሃይላንዱ ውስጥ ግማሽ ሊትር ያህል ቀርቷል።

"አባቴ፣ ይደፋል ብላለች እኮ" አለች ምራቱ።

"ማን?"

"የጤና ኬላዋ ልጅ። ቀን ሲሞላው።"

ቋጣሪው ሃይላንዱን ወደ ብርሃኑ አነሣው፤ ኩልል ያለ ነው። አሸተተው፤ አይሸትም። ልጁን ሊጠይቁ የመጡት ጎረቤቶች ነገሩ ገባቸውና ደጁ ላይ ቆሙ። ይህ ሰው አንድ ነገር ሲደፋ ያየ የለም። በሰርጉ ዕለት የፈሰሰ ጠላ በነጠላው ነክሮ እንስራ ውስጥ ጨምቋል እየተባለ የሚወራበት ነው።

ግማሽ ሊትር። ውኃው ከገደል ሥር ነው፣ ማገዶ ነዶበታል፣ ፓኬት የቀረው አንድ ነው። ያቺ አንዷ ሳትቀደድ ብትቀመጥ ለከርሞ ትሆናለች። በዚያ በኩል ያለው አንዲት ልጅ እግር የተናገረችው ቃል ብቻ ነው፤ በዓይን የማይታይ ነገር ይገባበታል የሚሉት። እሱ ደግሞ ያላየውን ነገር ሒሳብ ውስጥ አስገብቶ አያውቅም።

ከሚደፋስ እኔ ልጠጣው አለና ሃይላንዱን ወደ አፉ አስጠጋ። ጭኑ ላይ ያለው ልጅ የአያቱን አፍ መከፈት አይቶ የራሱን አፍ ከፈተ።

የሽማግሌው እጅ ቆመ።

ልጁን አየ። ሰፌዱን አየ። ሌሊቱን ሙሉ አንድ በአንድ የቆጠረው ሁሉ አሁን ያለው እዚህ ትንሽ ሆድ ውስጥ ነው። ትርፍ አገኛለሁ ብሎ ዋናውን ያጣ ነጋዴ በዘመኑ አይቷል፤ ስቆበትም ያውቃል።

ልጁን ለእናቱ ሰጥቶ ተነሣ። ደጅ ወጥቶ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየው፣ ሃይላንዱን ደፋው። ያቺን መጨረሻ የምትቀረውንም ጠብታ አራገፋት። አንዷ ሴትዮ አማተበች። ሚስቱ ሮጣ መጥታ ግንባሩን ዳሰሰች፤ ትኩሳት አልነበረውም።

ሃይላንዱን በሳሙና አጠበና ጀሪካኑን ራሱ አንሥቶ ወደ ምንጩ ወረደ። ሲመለስ መሥመር ማስመሩን ረሳው። ውኃውን አፈላ፣ አቀዘቀዘ፣ ለካ፣ ሁለተኛዋን ፓኬት ቀደደ።

በማግስቱ ልጁ አጥሚት ጠጣ፣ የተቀቀለ ድንች ተፈጭቶለት በላ። በአራተኛው ቀን ተቅማጡ ቆመ።

"እንግዲህ ድኗል" አለች ሚስቱ። "የቀሩትን እንክብሎች ቋጥረን ለከርሞ እናኑራቸው።" ይህን ትምህርት የተማረችው ከእሱ ነው።

"10 ከተባለ 10 ነው" አላት። 10ኛው ቀን እስኪሞላ በየጠዋቱ አንዷን እንክብል በማንኪያዋ አሟሙቶ ሰጠው።

የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ቤት ለቤት ስትዞር መጣች። ስንት ጊዜ እንዳስቀመጠው፣ ምን ያህል እንደጠጣ ጠየቀች። ይህን ስትጠይቅ ሰዉ ሁሉ የሚመልስላት "ትንሽ ትንሽ ጠጥቷል" እያለ ነው። ቋጣሪው ሰፌዱን አውጥቶ ጊብጦውን በየተራ ደረደረላት፤ የመጀመሪያው ቀን ይህ፣ ሁለተኛው ይህ፣ እኩለ ሌሊት ላይ የተመለሰው ሦስት ለብቻው። ልጅቷ መዝገቧን ዘርግታ ጻፈች።

በኋላ፣ ለመስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ያቺ እንጥሉ ይቆረጥ ያለችው ጎረቤት እየተጣደፈች መጣች። ልጇን ተቅማጥ ይዞታል። ጤና ኬላ ደርሳ ፓኬቱን ይዛ ተመልሳለች።

"ያቺን ማንኪያዎን ያውሱኝ" አለችው።

"ማንኪያ አላውስም።"

ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ ልትመለስ ስትል ቋጣሪው ከመደቡ ተነሣ። ማንኪያዋን ከመቀነቱ ሻጠ፤ አንድ እፍኝ ጊብጦ ኪሱ ጨመረ፤ ከደጁም ጠጠሮች ለቀመ።

"ስንት ጊዜ አስቀመጠው?" አላት መንገድ እየጀመረ።

"ኧረ እኔ አልቆጠርኩም።"

"አልቆጠርሽም?" አለና ጥሏት ወደፊት ሄደ።