ያልታየው ሰይጣን

የአዲስ አበባ ሰው ቀደምቱን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» አለው፤ ጥላ ሲራመድ አይቶ። እኛ ተማርን ባዮች እንስቅበታለን። ታዲያ በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣውን የሮበርት ዋይዝን «ዘ ሆንቲንግ» ስናይ የሚያንቀጠቅጠን ምንድን ነው? ፊልሙ እኮ መንፈስ አያሳይም፤ ግድግዳ ይደበደባል፣ በር ወደ ውስጥ ይጎብጣል፣ በቃ። ኤሊኖር ግን የታመመች እናቷ ግድግዳ አንኳኩታ ስትጠራት አልተነሣችም ነበር፤ እናትየው በዚያች ሌሊት ሞተች። አሁን ድብደባውን ስትሰማ እናቷ የጠራቻት ይመስላታል።

ሰይጣኑ ቢታይ ኖሮ ቀንዱን ቆጥረን በሳቅን ነበር። ያልታየውን ግን እያንዳንዱ ከገዛ ኅሊናው ይሞላዋል። እዚህ ለቡ መብራት ኃይልም፣ ስሙ መብራት በሆነ ሰፈር፣ ሌሊት መብራት ቢጠፋና በር ቢንኳኳ፣ ጥያቄው «ሰይጣን አለ ወይ?» አይደለም፤ «ማን ሲጠራኝ ነው ያልተነሣሁት?» ነው። ሰይጣን የለም ማለት ከዚህ ጥያቄ አያድንም።