የዋናው ሰዓት የማን ነው?

በአማርኛ «ዋና» ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ውሃ ውስጥ የሚደረገው፣ ሌላው ከሁሉም የሚቀድመው። ትዳርና ልጅ ያለው ሰው በሳምንት ሦስት ቀን በማለዳ እየተነሳ ወደ መዋኛ ገንዳ መሄድ ሲጀምር ቤት ውስጥ የሚነሳው ጥያቄም ይሄው ነው፦ ዋናው የቱ ነው?

ስፖርት ጥሩ ነው አይደለም የሚል ክርክር ውስጥ አልገባም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አንድ አዋቂ ሰው ገንዘብ ለማያመጣ፣ ሜዳሊያ ለማያስገኝ፣ እሱ ስለወደደው ብቻ ለሚያደርገው ነገር ከቤተሰቡ ላይ ሰዓት የመውሰድ መብት አለው? ካለውስ ምን ዕዳ ይከተለዋል?

ሒሳቡን እናስቀድም። (የሙያ ልማድ ነው፤ ሳልቆጥር ማሰብ አልችልም።) ስልጠናው አንድ ሰዓት ነው ይባላል። አንድ ሰዓቱ ግን ውሃ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገንዳ ለመግባት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት መውጣት አለ። አንድ ሰዓት ላይ ከውሃ ወጥቶ ሻወር፣ ልብስ፣ ከዚያ የጠዋቱ የታክሲ ሰልፍ። ቤት ሲደረስ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ሆኗል። ስለዚህ አንድ ሰዓት የተባለው ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው፤ በሦስት ቀን ስድስት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ፤ በዓመት 351 ሰዓት። በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ሲመነዘር ወደ 44 ቀን ይጠጋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ሠራተኛ በመጀመሪያ ዓመቱ የሚያገኘው የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። እንግዲህ ዋናተኛው ከአሠሪው ከሚያገኘው ፈቃድ ከእጥፍ በላይ የሚሆነውን ከቤቱ ወስዷል ማለት ነው፤ ያውም ማመልከቻ ሳያስገባ።

ደግሞ ሰዓቱ የትኛው እንደሆነ እንይ። ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ማለት ልጅ የምትነሳበት፣ «ካልሲው ይቆረቁረኛል» ተብሎ የሚለቀስበት፣ ቁርስ የሚበላበት፣ ሰርቪሱ በር ላይ መጥቶ ክላክስ የሚያደርግበት ነው። የሌሊቱ 9 ሰዓት ቢሆን ማንም አይከፋውም ነበር። ገንዳ የሚከፈተው ግን ቤቱ እጅ በሚያጥረው ሰዓት ነው።

«ታዲያ ለምን አትሮጥም?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። በተለይ በዚህ አገር። ሯጭ ጊዜ ባገኘ ሰዓት ጫማውን አስሮ ይወጣል፤ ስልኩንም ክንዱ ላይ አስሮ ይሮጣል፤ ከቤት ከተደወለ ይቆማል። ዋና እንዲህ አይደለም። ውሃ ከአየር 800 እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ ጉልበት ብቻውን ብዙም አያራምድም፤ የሚያራምደው ቅርጽ ነው። ልጅ ሆኖ ያልለመደው ሰው ደግሞ ያንን ቅርጽ የሚይዘው በድግግሞሽ ነው፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ከጠፋ እጁ ውሃውን መጨበጥ ትቶ መምታት ይጀምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ትንፋሽ የሚቆጠርበት ስፖርት ለዚህ ከተማ ሰው ቸር አይደለም። ስለዚህ «መደበኛ» የሚለው ቃል ጌጥ አይደለም። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ ከተባለ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ ነው። አሰልጣኙ ሰዓት አለው፤ በአንድ መስመር ስድስት ሆነን ነው የምንዋኘው።

ስልክ ደግሞ አይገባም። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ለኔ ግን የጉዳዩ እምብርት እዚህ ነው። በሶፍትዌር ሥራ «ኦን-ኮል» የሚባል ተራ አለ። ሲስተሙ ሌሊት ቢወድቅ የሚጠራው ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ተራው ለሌላ ይተላለፋል፤ ያልተረኛው ስልኩን አጥፍቶ ይተኛል። ተራ የሌለው ቡድን ሰዎቹን ያቃጥላል። ቤት ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም። ባል «አሁን አልገኝም» ባለ ቁጥር ተረኛዋ ሳትጠየቅ የታወቀች ናት። እሷ ውሃ ውስጥ የምትገባበት፣ ማንም የማያገኛት አንድ ሰዓት የት አለ?

በእኛ ቤቶች «አልገኝም» ለማለት ፈቃድ ያላቸው ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ሥራና ቤተ እምነት። ለሥራ እስከ ማታ ሦስት ሰዓት የቆየ ሰው «ደክሞታል» ተብሎ እራት ይቀርብለታል። ሌሊት ለኪዳን የተነሳ ሰው «ለኛም ጸልይ» ይባላል። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ብርድ፣ መነጽርና ኮፍያ በቦርሳ ይዞ የወጣው ግን «ዋና ሄደ» ነው የሚባለው፤ ድምፁ ውስጥ «ሊጫወት ሄደ» አለበት። የኔ እናት እስከ ዛሬ የምትጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ልጄ፣ ውሃ ውስጥ ምን ጠፋብህ?» በከተማችን የዋና ገንዳ ሲነሳ ጊዮንና ሂልተን፣ በጥቅሉ ሆቴል፣ ስለሚታሰብም ነገሩ የቅንጦት ሽታ አለው።

ይህን ፈቃድ ያጣ ሰው ምን ያደርጋል? ዋናውን እንደ ግዴታ አድርጎ ያለብሰዋል። ይሄኔ ነው ነገሩ የሚበላሸው ባይ ነኝ።

የመጀመሪያው ልብስ «ለጤናዬ ነው፤ ጤነኛ ካልሆንኩ እናንተን ማን ያኖራችኋል» የሚለው ነው። መፈተኛው ቀላል ነው። ነገ ያንኑ ልብ፣ ያንኑ ሳንባ፣ ያንኑ ወገብ የሚሰጥ ኪኒን ቢመጣ ዋናውን ታቆማለህ? እኔ አላቆምም። የማውቃቸው ዋናተኞችም አያቆሙም። እንግዲያው ጤና የምንደርስበት ነው እንጂ የምንሄድበት አይደለም።

ሁለተኛው «ልጄን እንዳስተምር» የሚለው ነው። ይህ ጥንታዊ ክብር አለው። በታልሙድ ውስጥ አባት ለልጁ ሊያደርጋቸው የሚገቡ ግዴታዎች ሲዘረዘሩ ዋና ማስተማርን የሚጨምሩ አሉ። ፕላቶም «ሕግጋት» በተባለው ሥራው ማንበብም መዋኘትም ስለማይችል ሰው የሚነገር አባባል ያነሳል፤ ለግሪኮቹ የመሃይምነት መለኪያ ነበር። እሺ፣ ልጅን ከመስጠም ማዳን ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ለዚያ በማለዳ ሁለት ሺህ ሜትር መቅዘፍ አያስፈልግም። ለዚያ ቅዳሜ ከሰዓት እሷን ይዞ መሄድ ነው የሚያስፈልገው።

ሦስተኛው የኛ የኢንጂነሮቹ ነው። አንድ ሰርቨር ሙሉ በሙሉ ወደ መጠመድ ሲጠጋ የወረፋው ርዝመት ቀስ ብሎ አይጨምርም፤ ይተኮሳል። ስለዚህ ክፍት ቦታ መተው ብክነት ሳይሆን የሲስተሙ ጤና ነው። ሰውም እንዲሁ፤ አንዲት ትርፍ ሰዓት የሌለው አባት በትንሽ ነገር ይጮኻል። ሒሳቡ ትክክል ነው። ግን ምን አረጋገጠ? ሰው ክፍት ሰዓት ያስፈልገዋል የሚለውን። ክፍቱ ሰዓት የኔ መሆን እንዳለበት አላረጋገጠም። እንዲያውም በቤቱ ውስጥ ይበልጥ የተጠመደው ማን እንደሆነ ስንጠይቅ ክርክሩ ይገለበጥብናል።

ሦስቱም ልብሶች አንድ ዓይነት ጉዳት አላቸው። ሰዓቱ ግዴታ ከሆነ ድርድር ውስጥ አይገባም። «ለናንተ ብዬ ነው» የተባለን ነገር ሚስት እንዴት ትቀንሰዋለች? እንዴትስ «እኔም ይገባኛል» ትላለች? እሷ የምትጠይቀው እረፍት «ፍላጎት» ሲሆን የኔ ዋና «ኃላፊነት» ከሆነ ጨዋታው ሳይጀመር አልቋል።

እዚህ ላይ ሁለት ፈላስፎች ይረዱናል። በርናርድ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1981 በታተመው «የሞራል ዕድል» በተባለው መጽሐፉ የሠዓሊውን የፖል ጎጋንን ምሳሌ ያነሳል፤ ከታሪኩ ጋር ብዙም ሳይታሰር፣ እንደ ሐሳባዊ ምሳሌ ነው የሚጠቀምበት። እውነተኛው ጎጋን ፓሪስ ውስጥ የአክሲዮን ገበያ ሠራተኛ፣ የአምስት ልጆች አባት ነበር፤ በ1891 ወደ ታሂቲ ሄደ። የዊሊያምስ ነጥብ በአጭሩ፦ ቤተሰቡን የተወው ሰው ሊጸድቅ የሚችል ከሆነ የሚያጸድቀው ውጤቱ ነው፤ ውጤቱ ደግሞ አስቀድሞ አይታወቅም። ታላቅ ሥዕል ከወጣ አንድ ነገር፣ ካልወጣ ሌላ።

ከሃያ ዓመቱ በኋላ ዋና የጀመረ ሰው ግን ከጎጋን በአንድ ነገር ይለያል፤ ሥዕል የለም። ምንም ያህል ቢለፋ፣ ምንም ያህል ዕድል ቢቀናው፣ መጨረሻ ላይ ዓለም «እንኳንም አደረገው» የሚለው ነገር አይወጣም። መቶ ሜትሩን በሦስት ሰከንድ ቢያሻሽል የሚያውቀው እሱና የግድግዳው ሰዓት ነው። ስለዚህ ወደፊት የሚመጣ ውጤት ተስፋ አድርጎ ዛሬ ሊበደር አይችልም። ፍትሐዊ ሊሆን የሚችለው በዚያው ሳምንት ውስጥ፣ አብረውት በሚኖሩት ሰዎች ፊት ብቻ ነው።

ሱዛን ዎልፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 «የሞራል ቅዱሳን» በተባለ ጽሑፏ ሌላውን ጫፍ ትይዛለች። ሰዓቱን ሁሉ ለሌሎች ደህንነት ብቻ የሚያውል ሰው፣ ሙዚቃ የማይጫወት፣ ልብ ወለድ የማያነብ፣ የቴኒስ ምቱን የማያስተካክል ሰው፣ ልንመኘው የሚገባ ሕይወት አለው ወይ ስትል ትጠይቃለች፤ መልሷም አይደለም ነው። እኔ በዚህ እስማማለሁ። ለልጄ ከምመኝላት ነገር አንዱ የምትወደው የማይጠቅም ነገር እንዲኖራት ነው። አባቷ አንድም ከሌለው ከየት ታየዋለች?

እና መብቱ አለ እላለሁ። ነገር ግን በስሙ መጠራት አለበት። «ስለምወደው ነው የምሄደው» ሲባል ሰዓቱ ትልቅነቱን ያጣል፤ ሲያንስ ይቆጠራል፤ ሲቆጠር ይካፈላል። ገደብም ማበጀት የሚቻለው ያኔ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ ሦስት ቀን አራት ይሆናል፣ ከዚያ «ውድድር ደርሷል» ተብሎ አምስት። የሚወዱት ነገር እንዲህ ነው።

መካፈሉ ላይ ብዙ ወንዶች የምንሰናከልባት ድንጋይ አለች። «አንቺም ስፖርት ጀምሪ፣ እኔ ልጅ እይዛለሁ» እንላለን፤ ቸርነት ይመስላል። ግን የሷ ሰዓት እንደኛው ላብ ያለው፣ ውጤቱ የሚታይ እንዲሆን እየጠየቅን ነው። እሷ ምናልባት መተኛት ነው የምትፈልገው። ወይም ካፌ ብቻዋን ተቀምጦ መንገድ ማየት። የኔ ማይጠቅም ነገር ማብራሪያ ካላስፈለገው የሷም አያስፈልገውም።

ሌላም ሰው አለ፤ ብዙ ጊዜ ሒሳቡ ውስጥ የማይገባ። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለቱም የሚሠሩ ባልና ሚስት «እኛ ተስማምተናል» ሲሉ ብዙውን ጊዜ የተስማሙት በቤት ሠራተኛዋ ሰዓት ላይ ነው። የኔ 11 ሰዓት ተኩል የሷ 11 ሰዓት ነው፤ በር ትከፍታለች፣ ሻይ ትጥዳለች፣ ልጅ ብትነሳ አብራ ትነሳለች። ማታ ትምህርት ቤት ውላ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል የተመለሰች ልጅ ናት። ይህን «ደመወዟ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኔ አያስኬደኝም። ቤታችን ውስጥ አሁን ያለው ደንብ በዋና ቀን ማንም ለኔ እንዳይነሳ ነው፤ ሻዩም ይቀራል፣ በሩንም ቀስ ብዬ እከፍታለሁ። ሐሙስ ግን ባለቤቴ ራሷ ማለዳ ሥራ ትገባለች። ሐሙስን እስካሁን አልፈታነውም።

የዘመድን ነገር በአጭሩ ልለፈው። የኛ ቤተሰብ ባል፣ ሚስትና ልጅ ብቻ ስላልሆነ «ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ» የሚል መርሐ ግብር ሁልጊዜ ይፈተናል። ለቅሶ ባለበት ቀን ዋና የለም፤ በዚህ አልከራከርም። ሞት ቀጠሮ አይዝም፤ ገንዳው ይጠብቃል። አራስ ጥየቃ ከሰዓት በኋላ ይቻላል። የአጎት ልጅ ሠርግ፣ መልስ፣ ቅልቅል፣ ከዚያ የቅልቅሉ ማግስት ግን... እዚያ ላይ ቅዳሜ ጠዋቴን አልሰጥም፤ ቅር የሚለው ካለ ቅር ይበለው።

በእኛ ቤት እሁድ ከ9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል የባለቤቴ ነው። ስልኳን መኝታ ቤት ትታ ትወጣለች፤ የት እንደምትሄድ አልጠይቅም። መጀመሪያ ሰሞን ሁለት ሰዓት ተኩሉን ከኔ ስድስት ሰዓት ከአርባ አምስት ቀንሼ ልዩነቱን ስነግራት፣ ሌላ ቀን እንጨምር ብዬ ነበር። «አሁን አልፈልግም» አለች፤ «ቀሪውን መዝግበህ ያዝልኝ።» በሳምንት አራት ሰዓት ከሩብ ነው። እየመዘገብኩ ነው።