የተራራ ሽርሽር ግብ አለውን?

አርስቶትል «ሜታፊዚክስ» በተባለው ሥራው 9ኛ መጽሐፍ የሰውን ድርጊቶች ለሁለት ይከፍላል፤ ፍጻሜያቸው ከራሳቸው ውጭ የሆነው «እንቅስቃሴ»፣ ፍጻሜያቸውን በውስጣቸው የያዙት ደግሞ «ክዋኔ» ሊባሉ ይችላሉ። ቤት የሚገነባ ሰው ግንባታው እስኪያልቅ ድረስ ቤት ሠርቷል አይባልም፤ የሚያይ ሰው ግን እያየ ሳለ አይቷል፣ ድርጊቱ ለመሟላት የሚጠብቀው ቀሪ ነገር የለምና። ፈላስፋው መራመድን ከግንባታ ጎን መድቦታል። ምደባው ገበያ ለሚሄድ ሰው የሚስማማ ቢሆንም፣ ወደተነሣበት ቦታ ለሚመለስ የኮረብታ ተጓዥ መስማማቱ ግን ያጠራጥራል።

በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በሌክ ዲስትሪክት የሚገኘው ጸጥተኛው የኒውላንድስ ሸለቆ ለዚህ ጥያቄ የተመቸ ቦታ ነው። በታኅሣሥ ወር አጭር በሆነው ቀን ብርሃን የሚቆየው 7 ሰዓት ከሩብ ገደማ ሲሆን፣ ፀሐይም በቀትር እንኳ ከአድማስ በላይ ከፍ የምትለው 12 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ 753 ሜትር ከፍታ ያለው ዴል ሄድ በስተደቡብ የሚጋርደው የሸለቆው ራስጌ ቀኑን ሙሉ በጥላ ይውላል፤ በድንጋይ ካቡ ሰሜናዊ ጥግ ያደረው አመዳይም እኩለ ቀን አልፎ ሳይቀልጥ ነጭ መስመር ሠርቶ ይታያል።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከጀርመን የመጡ ማዕድን አውጪዎች በዚሁ ሸለቆ፣ በጎልድስኮፕ፣ መዳብ ይቆፍሩ ነበር። ከመንገድ የተመለሰ ቆፋሪ ቀኑ ባክኖበታል፤ 451 ሜትር ከፍታ ካለው ካትቤልስ ጫፍ ሳይደርስ የተመለሰ የዛሬ ተጓዥ ግን፣ ጫፉን ካልረገጥሁ ብሎ ካልማለ በቀር፣ ከእግር ጉዞው የጎደለበት ነገር የለም። የእግሩ አነሣሥ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ሁለቱን የሚለያቸው መቋረጥ የሚያስከትለው ኪሳራ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስሌት ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ አቀበት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይያዛል፤ ተጓዡም ይህን ይዞ የመመለሻ ሰዓቱን ሲወስን፣ ሳይጨልም መውረድን ግብ አደረገ ሊባል ነው። ይሁን እንጂ ግብ ድርጊቱ የሚደረግለት ነገር ሲሆን፣ ወሰን ድርጊቱ ማለፍ የሌለበት መስመር ነው። ለቡና የተጠራ ጎረቤት ሳይመሽ ቢነሣም የመጣው ለመነሣት አይደለም።

ልዩነቱ የሚደበዝዘው በቁልቁለቱ ላይ ነው። ብርሃኑ ሲከዳ፣ ድንጋዩና ጭቃው ሲመሳሰሉ፣ ተጓዡ ዙሪያውን ማየቱን ትቶ የሚቸኩለው ለመድረስ ብቻ ይሆናል፤ ያኔ ሽርሽሩ አርስቶትል እንዳለው እንቅስቃሴ ሆኗል። ለውጡ በመንገዱ ላይ የሚታይ ምልክት የለውም፤ ያው እርምጃ በአንድ ከሰዓት ውስጥ ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው ተሻግሯል። እንግዲህ ምደባው የሚመለከተው የተራማጁን ሁኔታ ከሆነ፣ ፈላስፋው መራመድን በስሙ ጠርቶ ከአንድ ወገን ማሰለፉ ሊጸና አይችልም።