ፍትፍቱና ፊቱ

ሰውን አስገድዶ እንግዳ ተቀባይ ማድረግ ይቻላል? ጥያቄው የመጣብኝ ጣሊያን አገር፣ ጄኖቫ ከተማ፣ ጋሪባልዲ በሚባለው ጎዳና ላይ ሽቅብ እያየሁ ስጓዝ ነው። ሽቅብ ማየቴ ወድጄ አይደለም። መንገዱ ስፋቱ ሰባት ሜትር ተኩል፣ ርዝመቱ 250 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ግራና ቀኙን ግን ቤተ መንግሥት የሚያካክሉ ቤቶች ተደርድረውበታል። ካላንጋጠጡ አይታዩም።

ጎዳናው የተቀየሰው እ.ኤ.አ. በ1550ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን ስሙም “አዲስ መንገድ” ነበር። ቤቶቹን ያሠሩት ለስፔን ንጉሥ ሳይቀር የሚያበድሩ ከበርቴዎች ናቸው። አንደኛው፣ ኒኮሎ ግሪማልዲ፣ ከሀብቱ ብዛት “ንጉሡ” የሚል ቅጽል ወጥቶለት ነበር። የሱ ቤት ዛሬ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ነው።

ጄኖቫ ሪፐብሊክ ስለነበረች ንጉሥም የንጉሥ ግቢም አልነበራትም። ታዲያ የባዕድ ልዑል፣ ካርዲናል ወይም አምባሳደር ሲመጣ የት ይደር? እ.ኤ.አ. በ1576 የከተማዋ ሴኔት መላ ዘየደ። ምርጥ ምርጡን ቤት በደረጃ በደረጃው አስመዘገበ፤ መዝገቡም “ሮሊ” ተባለ። እንግዳ ሲመጣ ለማዕረጉ ከሚመጥኑት ቤቶች መካከል ዕጣ ይወጣል። ዕጣው የደረሰው ባለጸጋ ደስ አለውም አላለውም በሩን ይከፍታል። መዝገቡ ላይ መስፈር ክብርም ነበር፣ ዕዳም።

ይኼን ስሰማ የኛው ድርጎ ትዝ አለኝ። በነገሥታቱ ዘመን የንጉሥ እንግዳ የሆነ መንገደኛ ባረፈበት አገር ሁሉ ድርጎ ይሰፈርለት ነበር። እንጀራው፣ ማሩ፣ ሙክቱ ከየት ይመጣል? ከባላገሩ ቤት ነዋ! እንግዳው የንጉሥ፣ ወጪው የገበሬ። በጄኖቫ ግን ሸክሙ ያረፈው ትከሻው በሚችለው ሰው ላይ ነው። በግድም ቢሆን ካለው መጠየቅ፣ ከሌለው ከመንጠቅ ይሻላል። እዚህ ላይ ከጄኖቫ ጋር ነኝ።

ግን ይኼ ደግነት ይባላል?

ያን ሰሞን ያረፍኩት ያገሬ ልጆች ቤት ነው። ባልና ሚስት ናቸው። እሷ አሮጊት ታስታምማለች፤ እሱ ወደብ ላይ ይሠራል። ያለቻቸውን አንዲት መኝታ ክፍል ለኔ ለቀው ወጥ ቤት ውስጥ ፍራሽ አነጠፉ። “ኧረ ሆቴል እይዛለሁ” ብላቸው፣ “ምን በድለንህ ነው?” አለችኝ ሚስትየው። የነሱን ቤት የመዘገበ ሴኔት የለም። ዕጣም አልወጣባቸውም።

አይ፣ ልጠንቀቅ። እውነት አልወጣባቸውም? እኛም እኮ የማይታይ መዝገብ አለን። ይሉኝታ ይባላል። “ያገሩን ልጅ ሆቴል ሰደደው” መባልን የሚደፍር ስንቱ ነው? ተበድሮ የሚደግስ፣ ልጆቹን አስርቦ እንግዳ የሚያበላ የለም? ይሉኝታም እንደ ሴኔቱ በር ያስከፍታል። ያውም የሌለውን ሰው በር ጭምር። በዚህ በዚህስ ከጄኖቫ ሕግ የሚከፋ ነገር አለው።

ታዲያ ልዩነቱን በምን አወቅሁ? በማግስቱ ጠዋት ሚስትየው ሌሊቱን አሮጊቷን ስትጠብቅ አድራ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ከበሩ ሳታልፍ፣ ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ፣ “እንቅልፍ ወሰደህ? አልበረደህም?” አለችኝ። ይኼን እንድትጠይቅ ሕግ አላዘዛትም። ባትጠይቀኝም ማንም አያማትም ነበር።

አባቶች “ከፍትፍቱ ፊቱ” ያሉት ለካ ይኼንን ነው። ፍትፍቱን ሕግ ሊያዝ ይችላል፤ ይዘዝም፣ በተለይ ሞልቶ ከተረፈው ቤት። ይሉኝታም ያዝዛል። ፊትን የሚያስፈታ አዋጅ ግን እስከ ዛሬ አልወጣም። እንግዳ ሆነው የሄዱበትን ቤት እስቲ ያስታውሱ። ትዝ የሚልዎት የበሉት ነው ወይስ ያበላዎት ሰው ፊት?